ሦስተኛው ኖዝል

ያስገቡኝ ክፍል ደሴ ውስጥ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ነው። ጆንያዎቹ ተነስተዋል፣ ሽታው ግን አልወጣም፤ ዓይን ያቃጥላል። ሠላሳ ያህል ሰው ሲሚንቶው ላይ ተደርድሯል። እኔን ከኮምቦልቻ ጋራዤ የወሰዱኝ “የታጣቂዎቹን መኪና ጠግነሃል” ብለው ነው። ጠግኛለሁ። የናፍጣ መኪና ኖዝል፣ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ፣ ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጭስ የሚተፋ መኪና ሲመጣልኝ ባለቤቱ ማንን እንደሚደግፍ ጠይቄ አላውቅም። ይህንን ስነግራቸው ያሾፍኩባቸው መሰላቸውና በኤሌክትሪክ ገመድ የጀርባዬን ቆዳ አነሱት።

አጠገቤ የተኙት ሽማግሌ ከኮምቦልቻ ወዲያ ካለችው ከደጋን የመጡ ገበሬ ናቸው። በደጃቸው ላለፉ ታጣቂዎች ውሃ ሰጥተዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ጥምጣማቸውን ፈትተው ቁስሌን ያሰሩልኝ እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ ተራው የእሳቸው ሆነ። መርማሪው፣ አጭር ደንዳና ሰው፣ በጫማው ኩላሊታቸው ላይ ደጋግሞ ረገጣቸው። ከዚያ ወዲያ ጣሳው ላይ የሚሸኑት ደም ብቻ ሆነ።

“አንተ መኪና ስትሰማ በሽታውን ታውቃለህ አሉ” አሉኝ ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን፣ ከንፈራቸው ነጥቶ። “እስቲ የኔን ሞተር ስማልኝ።”

“አባባ፣ እርስዎ የሚያስፈልግዎት ሆስፒታል ነው።”

“እሱማ አላህ ካለ ነው፣ ልጄ።”

ተነስቼ በሩን ደበደብኩ። መርማሪው መጣ።

“እኚህ ሰው እየሞቱ ነው፤ ሐኪም ቤት አድርሷቸው” አልኩት።

“በምን? ፒክአፑ ዳገት እምቢ ብሏል።”

ይህንንስ አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ሲያስነሱት ይንቀጠቀጣል፣ ጥቁር ጭስ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ እንደማይሠራ ተኝቼ ነው የለየሁት።

“ኖዝል ነው። እሠራዋለሁ። ግን መጀመሪያ እሳቸውን ያደርሳል።”

“በል ሥራው” አለ። እሺ አላለኝም፤ እኔ ግን እሺ እንዳለኝ ቆጠርኩት።

የፒክአፑ ሾፌር ሞተሩን አስነሳልኝ። ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን የናፍጣ ቧንቧዎች ማሰሪያ ዳዶ በየተራ ላላ፣ ጠበቅ አደረግሁ። ጤነኛው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል። ሦስተኛውን ሳላላው ምንም አልተለወጠም፤ በሽተኛው እሱ ነው። ነቀልኩት። መፈተሻ ማሽን ስለሌለ አፉን ወደ ውጭ አዙሬ ከቧንቧው ጋር መልሼ አሰርኩትና ሾፌሩ ሞተሩን እንዲያዞር ነገርኩት። እንደ ጭጋግ መርጨት ሲገባው ተንጠባጠበ። በቆሻሻ ናፍጣ ውስጡ ያለው መርፌ ተይዟል። ፈታትቼ አጠብኩት፤ ሲደበድቡኝ እጄ አብጦ ስለነበር ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

እንደገና ሞከርነው። ነጭ ጭጋግ ረጨ። ደስ አለኝ፤ እዚያ ግቢ ውስጥ፣ በዚያ በቆሰለ ጀርባ፣ ደስ አለኝ። መርማሪው አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር። ጎንበስ አለና መዳፉን ወደ ጭጋጉ ሰደደ።

የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል። ግን ያ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ሥጋ ይመርዛል። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ሁለት ጣቱን ያጣው በዚሁ ነው። የማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝ ምን አደርግ እንደነበር እግዜር ይወቅ። በያዝኩት መፍቻ የእጁን አንጓ መታሁት።

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ሰደፍ አስታውሳለሁ። የተሰበረ ጥርሴን ምላሴ ላይ አስታውሳለሁ። ሾፌሩ “ጌታዬ፣ እጅዎን እኮ ነው ያተረፈልዎት! ያ ነገር ሥጋ ይበሳል!” እያለ ይጮሃል። መርማሪው መምታቱን አቆመ፤ መዳፉን ገልብጦ አየው። ቀኙ አብጦ ስለነበር በግራው ቀጠለ።

ሲደክመው “ግጠመው” አለኝ።

ኖዝሉን ከቧንቧው ፈትቼ ጨበጥኩት። “አባባ ካልተጫኑ አልገጥምም።”

ሽጉጡን ጆሮ ግንዴ ላይ አደረገ። ሱሪዬን አርጥቤያለሁ፤ አልደብቅም። እጄን ግን አልከፈትኩም። በጫማው ቆመበት። ሁለት ጣቴ ሲሰበር ሰማሁት።

“ነጥቀህ አንተ ግጠመው!” አለው ሾፌሩን።

“ወላሂ፣ እኔ አልችልም ጌታዬ።”

የትኛው ሾፌር ነው ያንን የማይችለው? መርማሪው ሰዓቱን አየ። መኪናዋን ለራሱም ይፈልጋታል። ሽማግሌውን በብርድ ልብስ ተሸክመው አምጥተው ኋላ ላይ አስተኟቸው። በግራ እጄ ገጠምኩ፤ ዳዶውን ያጠበቀልኝ ያው አልችልም ባዩ ሾፌር ነው። ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ ተነሳ። ከበሩ ሲወጡ ሽማግሌው “አላህ ይካስህ” ሲሉኝ ሰማሁ።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ሁለቱ ጣቶቼ አይታጠፉም፤ ሥራዬን ግን እሠራለሁ። የመርማሪውን እጅ ባልመታው ኖሮ እያልኩ የምቆጭበት ቀን አለ። አልቆጭም ብል ውሸቴን ነው።

እንደተለቀቅኩ ደጋን ሄድኩ። ሽማግሌውን አገኛለሁ ብዬ ስኳር ይዤ ነበር። በር ላይ የተቀበለችኝ ልጃቸው ናት። ሆስፒታል ደርሰው ሦስት ቀን ኖሩ አለችኝ። ሦስት ቀን! ያ ሁሉ ለሦስት ቀን? አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ።

“ምን ነካህ፣ ወንድምዓለም?” አለችኝ። “ውሃ በማንኪያ እያጠጣሁት፣ እግሩን እያሸሁት፣ አስታምሜ እኮ ነው የቀበርኩት። ከዚያ መጋዘን ወጥቶ ለቤተሰቡ የደረሰ ሌላ ሬሳ አይተሃል?”

አላየሁም።

አስቀመጠችኝና ሦስቱን ቀን ሰዓት በሰዓት ነገረችኝ፤ ምን እንደቀመሱ፣ ማንን በስም እንደጠሩ፣ መቼ ፈገግ እንዳሉ። አሁንም በደጋን ባለፍኩ ቁጥር ጎራ እላለሁ። አሁንም ያንኑ ትነግረኛለች፤ እኔም እንዳልሰማ ሰው ከመጀመሪያው አዳምጣታለሁ።