የዶሮዎቹ ድርሻ

መብራት በጠፋ ቁጥር የመሥሪያ ቤታችን ጄኔሬተር ግቢው ጥግ ላይ ይነሳል፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ያስልና፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ እኩል መምታት ይጀምራል። እኔም የያዝኩትን ወረቀት ትቼ ለጥቂት ጊዜ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረውን የአባቴን ወፍጮ ቤት አዳምጣለሁ።

አባቴን ሰፈርተኛው አያ ሞላ ይለው ነበር። ወፍጮው የናፍጣ ነበር፤ ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ሲላላ ይጮሃል፣ ድንጋዩ ሲዶለድም ዱቄቱን ያሞቃል፣ አባቴም የሁለቱን ጠባይ ከእኛ ከልጆቹ ጠባይ አብልጦ ያውቅ ነበር። የአንዱ እህል ተፈጭቶ ሲያልቅ ዱቄቱ የሚወርድበትን ሣጥን በመዶሻ እጀታ ደብድቦ፣ ውስጥ የቀረችውን እፍኝ ዱቄት ለባለቤቷ ካላራገፈ ቀጣዩን ተራ አይጠራም ነበር። ተራ የምታስከብረው እናቴ ነበረችና ሰልፉ ሲረዝም፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለእፍኝ ዱቄት ቀኑን ጨረስከው» ትለው ነበር፤ እሱ እንዳልሰማ ሆኖ ይደበድባል። እውነቱን ለመናገር፣ መልካም ሥራውን ትንሽ ድምፅ አብዝቶበት ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፉ ታጭዶና ተወቅቶ ሲገባ ወፍጮው እረፍት አልነበረውም። ድንጋዩ በዶለዶመ ጊዜ አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ድንጋዩን ገልብጦ፣ በብረት ቀጫጭን ቦይ እያወጣ ይወቅረው ነበር። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ መጀመሪያ የሚያወጣው ዱቄት የድንጋዩን ብናኝ ስለሚይዝ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ በአባቴ ወፍጮ ቤት አንድ ደንብ ነበር፤ ከወቀራ በኋላ ማንም ሳያስፈጭ ሁለት ጣሳ የራሳችን ገብስ ይፈጫል፣ ያ ዱቄት ለሰው አይሆንምና ለዶሮዎች ይሰጣል። ቤታችን ውስጥ ስሙ የዶሮዎቹ ድርሻ ነበር፤ ወስዳ የምትበትነውም እኔ ነበርኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ከተሰጡኝ ሹመቶች ሁሉ የምኮራው በዚህ ነበር።

የዚያን ዓመት ጥር ጎረቤታችን ማስተዋል ተዳረች። እናቴ ወፍጮ ቤት ስትውል በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ነበረችና ሙሽራው ይዟት ሲሄድ ከዘመዶቿ ሁሉ አብልጬ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ። የባሏ ቤት ከጋፋት አለፍ ብሎ ነበር። አማቷ ወይዘሮ ዘርትሁን በሙያቸው የታወቁ፣ የሌላውን ሴት ሙያም ሳይመዝኑ የማያልፉ ሰው ነበሩ።

በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ የመብራት ወፍጮ ተከፈተ። ድምፁ ለስላሳ፣ ተራውም ፈጣን ነበር፤ ከእኛ ሰልፍ ሰዎች አህያቸውን እየነዱ ሲሻገሩ አባቴ አንገቱን ሳያዞር በዓይኑ ጥግ ይቆጥራቸው ነበር። የካቲት ገብቶ ለዐቢይ ጾም ቅበላ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ድንጋዩን ሲወቅር አረፈደና ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ደረሰ። ገብሱን ሲጠይቅ እናቴ፣ «አልቋል፤ ቆይ ከጎረቤት ልጠይቅልህ» አለችው። እሱ ወደ ማዶ አየ፤ ሁለት አህዮች እየተሻገሩ ነበር። ድንጋዩን በመጥረጊያ ጠረገ፣ ሞተሩን አስነስቶ ባዶውን ጥቂት አሽከረከረው፣ ከዚያም «ባለ ተራው ማነው?» አለ።

ባለ ተራዋ ማስተዋል ነበረች። በአማቷ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የምታሰናዳው ድግስ ስለነበር ከሁሉም ቀድማ መጥታ፣ ጤፉን ሦስት ጊዜ አበጥሬዋለሁ ብላ እጇን ለእናቴ አሳየቻት፤ ጣቶቿ ከሰፌዱ ጠርዝ የተነሳ ተልጠው ነበር። አባቴ ጤፏን ጨመረው። ያን ቀን የምበትነው ዱቄት አልነበረም፤ ዶሮዎቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ጠበቁ፣ እኔም ጠበቅሁ፣ ከዚያ ወደ ጨዋታዬ ሄድኩ።

ጾሙ በገባ በማግሥቱ ወሬው ከሰልፉ ጋር መጣ። የወይዘሮ ዘርትሁን ምራት በቅበላው ማዕድ የነፍስ አባታቸውንና የባሏን ዘመዶች አሸዋ አስቆረጠመቻቸው ተባለ። አማቷም በእንግዳ ፊት፣ «ጤፍ ማበጠር ያላስተማሯትን ልጅ ዳሩልኝ» ማለታቸው ተወራ። ሴቶቹ ይህን የሚያወሩት እየተሳሳቁ ነበር። አባቴ ሣጥኑን መደብደቡን አቁሞ፣ «የአውድማ አሸዋ ይሆናላ፣ ምን ይደረጋል» አለ። ማንም እሱን አልጠየቀውም ነበር።

ቀኖቹ አለፉ። ቀጥሎ የተሰማው ማስተዋል ወደ አባቷ ቤት ልትመለስ ነው፣ ለዚሁ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው የሚል ነበር። ምሳ ላይ እናቴን፣ «የዚያን ቀን እኮ ዶሮዎቹ ድርሻቸውን አልበሉም» አልኳት። አባቴ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። እናቴ ግን አልገረማትም፤ እሷም ስታብሰለስለው ከርማ ነበር ማለት ነው።

«ልጅቱ እኮ ይህችን አዝላ ያሳደገችልን ናት» አለችው።

እሱ ጉርሻውን ወደ ትሪው መልሶ፣ «ወፍጮው ይዘጋል» አለ።

«ይዘጋ» አለች።

በማግሥቱ ሰልፉ ሞልቶ ሳለ አባቴ ሞተሩን አጠፋና ዱቄት በዱቄት እንደሆነ በሩ ላይ ቆመ። «ስሙኝማ» አለ። «የማስተዋል እንጀራ ውስጥ የገባው አሸዋ የአውድማ አይደለም፣ የእኔ ድንጋይ ነው። ወቅሬ ሳላጠራው የሷን ጤፍ ጨመርሁበት። ልጅቱ ጥፋት የለባትም።» አንዲት ሴት ማዳበሪያዋን አንስታ ወደ ማዶ ተሻገረች፤ ሌሎችም ተከተሏት። እሱ ግን ኩንታል ሙሉ ጤፍ በአህያ ጭኖ፣ እናቴንና እኔን አስከትሎ በጋፋት በኩል ወደ ወይዘሮ ዘርትሁን ቤት ሄደ።

ወይዘሮ ዘርትሁን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ሞላ፣ ቤቴን ልታፈርሰው ነበር እኮ» አሉ፤ ከዚያም ምራታቸውን ጠርተው እኛው ፊት ግንባሯን ሳሟት። እኔ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ደስ አለኝ። ማስተዋል ግን አላለቀሰችም፣ ፊቷም አልፈታም። ከስታ ነበር። አባቴን እያየች ቀስ ብላ፣ «አያ ሞላ፣ ወሬው ወፍጮ ቤት የደረሰው ወዲያው ነው አሉ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንቱ የት ነበሩ?» አለችው። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ።

ክረምት ሳይገባ ከሄዱት ደንበኞች ገሚሶቹ ተመለሱ፤ ወፍጮው ሳይዘጋ ቀረ፤ ገብስም ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ማስተዋል መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ጉንጬን እያገላበጠች ትስመኝ ነበር፣ እህሏን ግን እስከ መጨረሻው ማዶ አስፈጨች። አባቴ አህያዋ ስትሻገር ያያል፤ አንድም ቀን ቅር አለኝ ብሎ አያውቅም። ቅር የሚለኝ እኔ ነበርኩ፤ አጥፍቻለሁ ካለ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው መመለስ ያለበት ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ እኔ ሽሮና በሶ እያሸገ የሚሸጥ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ከጠረጴዛዬ በላይ የሥነ ምግባር ደንባችን በመስታወት ተሰቅሏል፤ አንቀጾቹን ካረቀቁት አንዷም እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከአረብ አገር ተመልሳ፣ ባጠራቀመችው ገንዘብ አንበሳሜ ከተማ ውስጥ ሱቅ የከፈተች አንዲት ሴት ደወለችልን፤ ሽሮአችንን የገዙ ሰዎች ባዕድ ነገር ቀላቅለሽበታል ብለው እየሸሿት ነበር። ናሙናውን አስመረመርን፤ ጥፋቱ ከእኛው ማሽን መሆኑን የሚገልጸው ወረቀት ሰኞ ጠዋት እጄ ገባ። ማንም ይደበቅ አላለም። ጉዳዩ ለኮሚቴ ቀረበ፣ ኮሚቴው ለሕግ ክፍል መራው፣ ሕግ ክፍሉ ለሴትዮዋ በሚላከው ደብዳቤ ላይ «አጥፍተናል» የሚለውን ቃል «አጋጥሞናል» በሚል አሻሻለው፣ ደብዳቤው አራት ፊርማ ፈለገ። አንዱ ፊርማ የእኔ ነበር፤ እኔ ጋ ብቻ አምስት ቀን ተቀመጠ።

አባቴ የተጻፈ ደንብ ሳይኖረው ዘጠኝ ቀን ፈጀበት፤ ለብዙ ዓመት በሆዴ ስወቅሰው ኖሬያለሁ። የእኛ ደብዳቤ በሃያ ስድስተኛው ቀን ተላከ። ይዞት የሄደው ሾፌር ማምሻውን ተመልሶ፣ ሱቁ መዘጋቱን፣ ሴትዮዋም እንደገና ወደ አረብ አገር መሄዷን ጎረቤቶቿ እንደነገሩት አስረዳኝና፣ ፖስታውን እንደታሸገ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።