የዕድሩ ድንኳን ተራራ ላይ የከረመበት ክረምት

ባለቤቴ ሞቶ አርባው ሲቃረብ ያስጨነቀኝ ነገር አንድ ነበር፤ ድንኳን። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ከቀትር በኋላ አይቀርም፣ ቤታችን ደግሞ ከአሥር ሰው በላይ አያስቀምጥም። የዕድሩ ድንኳን ለዚህ የተገዛ ነው። ድንኳኑ ግን በዚያ ሰሞን ተራራ ላይ ወጥቶ የታጣቂዎች ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል።

ይህ የሆነው ከመካነ ብርሃን ወዲህ ባለች፣ ሠላሳ ዓመት በኖርንባት ትንሽ ከተማ ነው። አሁን የምጽፈው ጎንደር፣ አራዳ፣ ልጄ ቤት ሆኜ ነው። ባለቤቴ እዚያ መምህር ነበር፤ ሃያ ዓመት ደግሞ የዕድሩ ጸሐፊ። ያንን ድንኳን ለከተማው ሟች ሁሉ ያስተከለው እሱ ነው። ለእሱ አለመተከሉን ልቀበለው አልቻልኩም።

የታጣቂዎቹን ስም አልጽፍም፤ እነሱም ራሳቸው ቶሎ ቶሎ ይለውጡት ነበር። ሲጀምሩ አምስት ነበሩ። ጠመንጃቸው ሁለት ስለሆነ በተራ ይይዙታል፤ ተራው ያልደረሰው ዱላ ይዞ ጠመንጃ የያዘውን ያጅባል። መሪያቸው ቀድሞ ቪዲዮ ቤት ነበረው። የባለቤቴ ተማሪዎች ከክፍል እየጠፉ የሕንድ ፊልም የሚያዩት እሱ ዘንድ ነበር። አንድ ሰሞን ከከተማው ጠፋ። ጢሙን አሳድጎ ሲመለስ ፊልም ርኩስ ነው አለ። ቀጥሎ ጆተኒ ርኩስ ሆነ፣ ቀጥሎ የሴት ሱሪ፣ ቀጥሎ ሰው ሠራሽ ጸጉር። ሕዝቡን እናጸዳለን ይሉ ነበር።

«ከገላቸው ቢጀምሩ ምን ነበረበት» አለ ባለቤቴ።

ሳቅን። እየሳቅን ሃያ ሆኑ። እየሳቅን ከዚያም በለጡ። አንድ ቅዳሜ የጆተኒውን ባለቤት ገበያ መሐል አስተኝተው ገረፉት። ያን ቀን የሳቀ ሰው አላየሁም፤ ግን መሳቅ ማቆም የነበረብን ቀደም ብለን ነበር።

ድንኳኑን የወሰዱት በጉልበት አይደለም። ለሦስት ቀን ሥልጠና ብለው ማመልከቻ አስገቡ። የዕድራችን ዳኛ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ በማመልከቻ የጠየቀውን ሰው እምቢ ማለት አይችልም። አግዳሚዎቹንና ጡሩምባውንም ጨምሮ ሰጣቸው። ጡሩምባው ሰው ሲሞት ለፋፊው እየነፋ ሰፈሩን የሚጠራበት ነው።

በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጡሩምባው ተነፋ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። በእኛ ዘንድ ለቅሶ የሚጀመረው ከመንገድ ነው፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ከተለቀሰ በኋላ ነው። እያለቀስን ገበያው ሜዳ ስንደርስ መሪው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ የጠራናችሁ—» ሲል የሴቶቹ ለቅሶ ዋጠው።

አንዲት ጎረቤታችን ቀረበችው። «ምነው ልጄ፣ በምን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«አስከሬኑ ከሩቅ ነው የሚመጣው?»

«ስብሰባ ነው፣ እትየ። የጠራናችሁ ለስብሰባ ነው።»

«ስብሰባውስ ይሁን፤ ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?»

ይህን ጊዜ የከተማው አልቃሽ ከፊት ወጣች። ጠረጴዛ ላይ የቆመ ባለጠመንጃ ጎልማሳ ስታይ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። ቁመናውን፣ ጢሙን፣ ያለ ጊዜው መቀጨቱን እየጠራች ግጥም አወረደች። እሱ በእጁ ተይ ይላታል፤ እሷ ደግሞ እጁን አይታ የእጁን ትጨምራለች። ከኋላው ከተሰለፉት ታጣቂዎች አንዱ ማልቀስ ጀመረ። ያም ያም ተከተለው። መሪው ጥቂት ቆሞ አዳመጠና ከጠረጴዛው ወረደ። ስብሰባው በዚሁ አበቃ።

ባለቤቴ ሰው ፊት ሳቅ ሲመጣበት እግሬን የመርገጥ ልማድ ነበረው። ፊቱ የቀብር ፊት እንደሆነ፣ ከታች ጫማው ጫማዬ ላይ ያርፋል። ያን ቀን አውራ ጣቴን ሊሰብረው ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ወርም አልቆየ፤ ኩላሊቱ ነው የወሰደው። ጡሩምባው ስለሌለ ለፋፊው እጁን አፉ ላይ አድርጎ እየጮኸ ዞረ፤ ሦስተኛው ሰፈር ሳይደርስ ድምፁ ተዘጋ። ግማሹ ከተማ ሳይሰማ ተቀበረ። እኔም አላለቀስኩም። ቀብሩ ላይ ቆሜ ስንት ሰው እንደቀረ ነበር የማስበው። ሴቶቹ ይህን አይተው ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። እንግዲህ የቀረኝ አርባው ነው።

አንድ ጠዋት ዳኛውን ተከትዬ ተራራውን ወጣሁ። አርባው ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከቤቷ ወጣች ተብዬ ታምቻለሁ። ዳኛው የዕድሩን መዝገብ በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። ያካፋል። አናቱ ላይ ስንደርስ አንድ ጠባቂ ጠመንጃ ደቀነብን።

«የይለፍ ቃል» አለ።

«የአባትህን አርባ ያስወጣሁ እኔ ነኝ» አለው ዳኛው።

ጠባቂው ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ መንገድ ለቀቀልን።

መሪው በድንኳናችን ውስጥ፣ በአግዳሚያችን ላይ ተቀምጧል። ሲያየን ተነሣ። «እትየ፣ እግዜር ያጥናዎት። መምህርን እወዳቸው ነበር። ግን ስለ ተዝካር ከሆነ የመጣችሁ፣ ተዝካር ቀርቷል። ብክነት ነው።»

«ስለ ተዝካር አልመጣንም» አለ ዳኛው። «ሦስት ቀን ብለህ የወሰድኸውን ድንኳን ብለን ነው።»

«ድንኳኑ ለትግሉ ተወርሷል፣ አያ።»

«ሸጋ» አለ ዳኛው። መዝገቡን ፈትቶ መነጽሩን አደረገ። የባለቤቴን የእጅ ጽሑፍ ከሩቅ አወቅሁት፤ ፊደሎቹ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። «የዕድሩን ንብረት ወስዶ በወቅቱ ያልመለሰ አባል ከነቤተሰቡ ይሰረዛል። ይህን ልነግርህ ነው። ልሰርዝህ።»

መሪው ሳቀ። «እኛ ሞትን የናቅን ሰዎች ነን፣ አያ። በዕድር ነው የሚያስፈራሩን?»

«ሞቱን ንቃችኋል። ቀብሩንስ? ማን ይቆፍርልሃል?»

«ጓዶቼ።»

ዳኛው በመነጽሩ ላይ አሻግሮ ጓዶቹን አያቸው። «ከእናንተ መቃብር ቆፍሮ የሚያውቅ አለ?»

ከጥግ አንዱ እጁን አወጣ። «እኔ ጉድጓድ ቆፍሬ አውቃለሁ። ግን የሽንት ቤት ነው።»

«በል ደህና ቀባሪ አግኝተሃል» አለው ዳኛው ለመሪው። ከዚያ በጣቱ መዝገቡን ወደ ታች ተከተለ። «አባትህ ካረፉ ወዲህ የቤቱ አባወራ ተብለህ የተመዘገብኸው አንተ ነህ። እናትህ በአንተ ስም ነው ያሉት። እሳቸውም አብረው ይሰረዛሉ።»

የመሪው ፊት ተለወጠ። «እናቴ ምን አደረገች?»

«እኔ ምን ላድርግ? ደንቡን የጻፈው የእኚህ ባል ነው» አለ ወደ እኔ እያሳየ። «ሂድና እሱን ጠይቀው።»

ዝናቡ በሸራው ላይ ይወርዳል።

«እናቴ ሰምታለች?» አለ በመጨረሻ።

«ስወርድ እነግራቸዋለሁ።»

«አይንገሯት።»

በማግስቱ ድንኳኑና አግዳሚዎቹ በበቅሎ ተጭነው ወረዱ፤ ጡሩምባውም አፉ ተጨራምቶ። በዚህ ሰዎቹ ልብ ገዙ ማለቴ አይደለም። በኋላ ያደረጉት ብዙ ነው፤ ከተማውን ጥዬ ጎንደር የገባሁትም በእነሱ ነው። ግን የባለቤቴ አርባ በድንኳን ወጣ።

የአንዱ ታጣቂ ጠመንጃ ባርቆ ኖሮ ድንኳኑ ጣሪያው ላይ ተበስቷል። ጠብታው ቀጥታ የቄሱ ሳህን ላይ ያርፋል። ቄሱ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ሲሉ ሸራው ያጋድልና ጠብታው ይከተላቸዋል። መሪውም መጣ። ባለቤቴ ከመታመሙ በፊት ለዕድሩ ባወጣው የአስተናጋጅ ተራ ላይ፣ እጅ ማስታጠብ የእሱ ነበር። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳነገተ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ ጎንበስ ባለ ቁጥር አፈሙዙ የሰው ጆሮ ይነካል።

«ያን ነገር ወዲያ አስቀምጠው» አለው ዳኛው፤ አስቀመጠው።

እያስታጠበ ከጆተኒው ባለቤት ፊት ደረሰ። ሰውየው ሁለት እጁን ዘረጋ። መሪው አፈሰሰለት።

«ጨምር» አለ ሰውየው።

ጨመረ። ሰውየው በየጣቱ መካከል፣ ከክርኑ እስከ መዳፉ፣ ቀስ ብሎ ታጠበ።

«ጨምር።»

ማንቆርቆሪያው ተሟጠጠ። ሰውየው እጆቹን አልሰበሰበም፤ መሪውም ውሃ ሊቀዳ ሄደ። በመንገዱ ላይ ያሉት ጉልበታቸውን ሰብስበው አሳለፉት፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል፤ አንድም ሰው አልሳቀም።

እኔም ፊቴን የቀብር ፊት አድርጌ እግሬን ከአግዳሚው ሥር ሰበሰብሁ፤ ባለቤቴ ሊረግጠኝ ነው ብዬ። ጠበቅሁ። ከዚያ ነው ያለቀስሁት፣ ጮክ ብዬ፤ ከጎኔ የነበሩት ሴቶችም ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ አብረውኝ አለቀሱ።