ማርሻሉ እና አዲሱ ቱታ

ሽማግሌው ፈረስ ጠባቂ ፋንድያ በጋሪ እየገፋ እንኳ ደረቱን ነፍቶ ስለሚሄድ፣ የፈረስ ቤቱ ሠራተኞች «ማርሻል» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። «ማርሻል፣ ዛሬ ጦሩ ወዴት ይዘምታል?» ይሉታል። እሱም ከአንገት በላይ ይስቃል እንጂ ሆዱ እርር ይላል። በአዲሶቹ ቱታዎች ደረት ላይ የየሠራተኛው ቅጽል ስም ሊጠለፍ መሆኑን ሲሰማ፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዶ «አደራህን፣ የእኔን ባዶውን ተወው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ይህንኑ ለልጁ አጫወታት። ልጁ የታሪክ አስተማሪ ናት። ሻይዋን አስቀምጣ ብድግ አለች።

«አባዬ፣ ምን ነካህ! በአውሮፓ መካከለኛው ዘመን መጀመሪያ ላይ እኮ ማርሻል የሚባለው ፈረስ የሚያበላና የሚቦርሽ ሰው ነበር። ቃሉ ራሱ ‹ፈረስ› እና ‹አገልጋይ› ከሚሉ ሁለት የጥንት ቃላት የተገጠመ ነው። ንጉሥ ያለ ፈረስ የትም አይደርስም። ስለዚህ ፈረሶቹን የያዘው ሰው ቀስ በቀስ ፈረሰኞቹን፣ ኋላም ጦሩን ሁሉ ያዘ።»

«አባቴ ይሙት በይ!»

«አባቴ ይሙት!»

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው? የጫማውን ክር እንኳ በቅጡ ሳያስር ቁልቁል ሮጠ። ሲደርስ ልብስ ሰፊው የመጨረሻውን ቱታ፣ የእሱኑ፣ እያጣጠፈ ነበር።

«ቆይ! ዘርጋው!» አለ እያለከለከ።

«ምነው ጋሼ፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?»

«ማርሻል ብለህ ጥለፍልኝ! ጎላ አድርገህ፣ ከሩቅ የሚነበብ ይሁን!»

ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው «ጦሩስ?» ሲሉት፣ በቀይ ክር የተጠለፈውን ስሙን ወደ እነሱ አዙሮ፣

«ጠብቁ እንጂ፣ ገና ገብሱን አልጨረሰም!» አላቸው።