በአማርኛ የመጣው ፈተና

በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ቁጭ ብሎ መዋሉ አልሆንልሽ አለኝና ከጉርድ ሾላ ታክሲ እየያዝኩ ወደ ቦሌ መመላለስ ጀመርኩ። ሥራዬ የሰዎችን ልጆች ቤታቸው ሄዶ ለፈተና ማዘጋጀት ነው። ቁጡ ነኝ። ወላጆች ይህን ቀድመው ይሰማሉ፤ ልጆቹ ስለሚያልፉ ግን ይጠሩኛል። ብዙ ልጅ አስጠንቻለሁ፣ እንደዚያች ልጅ ያስጨነቀኝ የለም።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤታቸው አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ አፓርታማ ነው። እናቷ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ትሠራለች፤ አባቷ ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ ብዙም አይታይም። የመጀመሪያ ቀን፣ እስቲ ልያት ብዬ ከመጽሐፏ አንድ ጠንከር ያለ የክፍልፋይ ጥያቄ ሰጠኋት። መነጽሬን ጠርጌ ሳልጨርስ ሠርታ አስረከበችኝ። ሌላ ሰጠኋት፣ እሱንም ሠራችው። ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ አልኩ በሆዴ።

እናትየው የሞዴሉን ወረቀት አመጣችልኝ። ሞዴል የሚባለው ትምህርት ቤቱ ለከተማ አቀፉ ፈተና ማለማመጃ ብሎ የሚሰጠው ነው። ልጅቷ ወድቃለች። መውደቅ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጥያቄ ጭራሽ አልነካችውም። ጥያቄው ሁሉ በአማርኛ ነበር።

አንዱን አንብቢልኝ አልኳት። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ "የ… አን… ድ… ክፍ… ል…" እያለች ጀመረች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ጠፍቷታል።

"ሚስ፣ ላዕል ምንድነው?"

"ክፍልፋይ ላይ ከላይ የሚጻፈው ቁጥር።"

"ኦ! ኒውሜሬተር!" እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "እና ለምን ኒውሜሬተር አይሉም? ኢትስ ኖት ፌር!"

ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ለፈተናው የቀረው ወር ገደማ ነው። ካላለፈች ስድስተኛን ትደግማለች፤ ጓደኞቿ ሰባተኛ ሲገቡ እሷ ከታናናሾቿ ጋር እዚያው ትቀመጣለች። ያውም ሒሳቡ ሳይከብዳት፣ ጥያቄው ምን እንደሚል ባለማወቋ ብቻ።

እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ትምህርት ቤቱ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ያስተምርና አማርኛውን መጽሐፍ ፈተና ሲቃረብ ከመደርደሪያ ያወርዳል። ይሄ የብዙ ልጆች ጣጣ ነው፤ ሌሎቹ ግን ቢያንስ ቤታቸው አማርኛ ይሰማሉ። እዚህ ቤት እናትየው ልጅቷ ገና አፏን ሳትፈታ "እንግሊዝኛ ብቻ" የሚል ሕግ አውጥታለች። የቤት ሠራተኛዋ እንኳ ልጅቷን የምታናግራት "ካም! ኢት! ፊኒሽ!" እያለች ነው። ሌላ እንግሊዝኛ ስለሌላት ሁለቱ ዓመታቱን በእነዚህ ቃላት ገፍተዋል። ልጅቷ ያላት አማርኛ ከክፍል ጓደኞቿ የለቃቀመችው ነው። አይ የኛ ነገር! እዚሁ ተወልዶ ባዕድ መሆንም የሚለፋበት ሆነ።

እናትየውን ኩሽና ጠርቼ እቅጩን ነገርኳት።

"ልጅሽን የቸገራት ሒሳብ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አማርኛ ይነገር። ከሥራ ስትመለሺ ጥያቄዎቹን ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ እሷ በዓይኗ ትከተልሽ። ጆሮዋ ሲለምድ ዓይኗም ይፈጥናል።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "እርስዎ ያንብቡላት፣ መምህር።"

"እኔ እዚህ አላድርም።"

"ቪዲዮ እፈልግላታለሁ።"

"ቪዲዮ ነው እንዴ የወለዳት?" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ንቀት መሰለኝ፣ ደሜ ፈላ።

ከዚያ በኋላ ድምፄ እስኪዘጋ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ተሻሻለች፤ ግን ሰዓቱ ቀደማት። ሁለተኛው ሞዴል ሲመጣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳትገልጣቸው ተሰበሰበባት። ጥፍሯን መብላት ጀመረች። ጥናት ልንጀምር ስንል ሆዷን ያማታል። እናትየው በየቀኑ አዲስ መለማመጃ መጽሐፍ ትገዛለች፣ አንዱንም ግን ከፍታ አታነብላትም። በነገርኳት ቁጥር የምትሄድበት ቦታ ይመጣባታል።

ፈተናው ሊገባ ሲል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰዓት ይዤ አለማምዳት ጀመርኩ። እናትየው ከቸርች መመለሷ ነው፣ ልብሷንም አልቀየረችም። ልጅቷ አንድ ረጅም ጥያቄ ላይ ደርሳ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እርሳሷ አይንቀሳቀስም።

"ፍጠኚ እንጂ!" አልኩ።

ወረቀቱን እንደያዘች ብድግ ብላ ሮጠች፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ከውስጥ ቆለፈችው።

"አልፈተንም! አይ ኸይት አማርኛ! ስቱፒድ ነኝ እኔ!"

እናትየው በሩን እያንኳኳች በእንግሊዝኛ ለመነቻት፣ ቆጣ አለቻት፣ መልሳ ለመነቻት። ከውስጥ የሚሰማው ለቅሶ ብቻ ነው። ፈራሁ። በዚህ ሁኔታ ፈተና ክፍል ብትገባ እንኳ ስሟንም አትጽፍም ብዬ አሰብኩ። እናትየው መለመኑ ሲሰለቻት በዚያ በቸርች ቀሚሷ ወለሉ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠችና ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች። ከዚያ በአማርኛ መናገር ጀመረች።

ከእኔ ጋር እስከዚያ ቀን ያወራችው በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የሚጠብቀውን እያላላች፣ የሚላላውን እያጠበቀች፣ ቃል በጠፋት ቁጥር እየቆመች ነው የምታወራው።

"እኔ ከምዕራብ ክፍለ ሀገር ወደዚህ ስመጣ አንቺን አክላለሁ። አማርኛ አልችልም። አንድ ቀን መምህሩ አስነሣኝና አንብቢ አለኝ። አነበብኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም። አንቺ ላይ ማንም እንዳይስቅ ብዬ ነው። እንግሊዝኛ ለሚናገር ሰው እዚህ አገር ማንም አይስቅም።"

ለቅሶው ቆመ። ከበሩ ወዲያ "እና ምን አደረግሽ?" አለች ልጅቷ፣ በአማርኛ።

"ምን አደርጋለሁ። እንደ አንቺ ሽንት ቤት ገብቼ ዘጋሁ።"

ከውስጥ በለቅሶ መሃል የመጣ ሳቅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ የጥያቄ ወረቀቱ በበሩ ሥር ሾልኮ ወጣ።

"አንብቢልኝ፣ ማሚ።"

እናትየው ወረቀቱን አንሥታ ወደ እኔ አየች። ፊቷ ቀልቷል። መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን አስነሥቼ ሳስነብብ ኖሬአለሁ። እዚያ ቆሜ ከሰማኋት እንደማትችል ገባኝና ወደ ኩሽና ሄድኩላት። ያን ዕለት ብርጭቆ አጣቢዋ እኔ ሆንኩ። ታጥበው የተቀመጡትን ደግሜ እያጠብኩ ሰማኋቸው፤ እናት እየተደናቀፈች ታነባለች፣ ልጅ ከበሩ ወዲያ መልሱን ትናገራለች። በሩ የተከፈተው ከብዙ ጥያቄ በኋላ ነው። እስከ ፈተናው ዋዜማ በየቀኑ እንደዚያው አነበበችላት።

የፈተናው ቀን ከእናትየው ጋር መፈተኛው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመን ጠበቅን። እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች፤ እኔ ደግሞ ከንፈሬን ስበላ ቆየሁ። ማለፏን ያወቅነው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በጠባቡም ቢሆን አለፈች። ያን ዕለት ግን ምንም የምናውቀው ነገር አልነበረም። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ፣ እሷ ከመጨረሻዎቹ ጋር ብቅ አለች። ከፊቷ ምንም ማንበብ አቃተኝ።

"የመጨረሻውን ገጽስ?" አልኳት ሰላም ሳልላት።

"ጨረስኩ፣ ሚስ።" ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። "ማሚ፣ ጥያቄዎቹን ሁሉ በአንቺ ድምፅ ነው ያነበብኳቸው። ኢን ማይ ሄድ። በሚስ ድምፅ ስሞክር ትጮህብኛለች።"

እናትየው በስካርፏ አፏን ያዘች። እንባዋ ይወርዳል።

"ከነአነጋገሬ?" አለቻት።

"አዎ። ያንቺ ነው የሚገባኝ።"