የድኩላው ታፋ

በ1999 ዓ.ም. የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። አቃቂ በሰቃ፣ መንገድ ዳር፣ ሰባት እርጥብ የበሬ ቆዳ ፒካፔ ላይ ልጭን ስል የጫኝና አውራጅ ማኅበር ጎረምሶች ከበቡኝ።

«ፋዘር፣ መጫን የእኛ ሥራ ነው። ራስዎ ቢጭኑትም ይከፍላሉ» አለኝ አለቃቸው።

የመጀመሪያውን ቆዳ ጎተትኩ። የደሙና የጸጉሩ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው አባቴ ትዝ አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከመንደራችን ወንዝ ማዶ ድኩላ ገደለ። አህያችን ላይ ሊጭነው ሲታገል የባላባቱ አሽከር ደረሰና «ላግዝህ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸበት አባቴ።

ደግ ሰው የሰደበ መስሎኝ አፈርኩ። ወደ እኔ ዞረና «ይሄ እጅ መሰለህ? አፍ ነው» አለኝ። አልገባኝም። አሽከሩ እጁን ካስነካ የእገዛው ዋጋ ብሎ ታፋውን ለባላባቱ ቆርጦ እንደሚሄድ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አባቴ አህያዋን ቦይ ውስጥ አቆማትና ድኩላውን ከአፋፉ ላይ አንከባሎ ጀርባዋ ላይ ጣለው።

እኔም ፒካፔን ወደ ኋላ ነድቼ መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ አስገባሁት። ከላይ እየጎተትኩ ሰባቱንም ጫንኩ።

«ክፍያውስ?» አለ አለቃቸው።

«ለየትኛው እጅህ?» አልኩትና መኪናዬን አስነሣሁ።

በማግስቱ ጠዋት አሥር እርጥብ ቆዳ አምጥቼ የማኅበራቸው በር ላይ ዘረገፍኩና፣ እያዩኝ፣ አንድ በአንድ ለብቻዬ መልሼ ፒካፔ ላይ መጫን ጀመርኩ።