በሐራጅ ያጣሁት ሁለት ክፍል

ወደ ሐራጅ የሄድኩት ሮም ውስጥ ቤት የሚያከራየኝ ባጣ ነው። በስልክ ጣልያንኛዬን ሰምተው "ነይና እዪው" ይሉኛል፤ ፊቴን ሲያዩ ቤቱ ትናንት ተይዟል። እሺ የሚል ሲገኝ ደግሞ ኮንትራቶ አይጽፍም። እኔ ደግሞ የምፈልገው ጣሪያውን ብቻ አልነበረም፤ ልጄን ማምጣት ነው። ቤቴ ለሁለት ሰው እንደሚበቃ ማዘጋጃ ቤቱ ካልመሰከረልኝ ማመልከቻዬን የሚቀበል የለም፤ ማመልከቻው ደግሞ እሷ አሥራ ስምንት ሳይሞላት መግባት አለበት። አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ጥያት ስወጣ አምስት ዓመቷ ነበር። አሁን ሰኔ ላይ አሥራ ስምንት ሊሞላት ነው።

የአስታን ነገር የነገሩኝ የማስታምማቸው ሽማግሌ ልጅ ናቸው። የባንክ ዕዳ መክፈል ያቃተውን ሰው ቤት ፍርድ ቤት ይወስድና በአስታ፣ ማለት በሐራጅ፣ ይሸጠዋል፤ ከሌላው ቤት ረከስ ይላል አሉኝ። ቶር ፒኛታራ አካባቢ ሁለት ክፍል አገኘሁ። ፍርድ ቤቱ የመደበው ጠባቂ ይዞኝ ሄደ። በሩን የከፈተልን ነጠላ ጫማ ያደረገ ባለቤቱ ራሱ ነበር። "ፕሬጎ"፣ ግቡ፣ አለና በረንዳ ወጥቶ ጀርባውን ሰጠን። ሚስቱ ምስር እየቀቀለች ነበር፤ እሳቱን እንኳ አላጠፋችም። አፈርኩ። የሰው እንባ ያለበት ቤት ልገዛ ነው ብዬ ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። ግን ልጄስ? ደግሞ እኔ ብተወው ሌላው ሊገዛው አይደል? እያልኩ ራሴን አባበልኩት።

ለማንም አልተነፈስኩም። እኛ እንዲህ ነን፤ ነገር ሳይጨበጥ ከአፍ ከወጣ ዓይን ይገባበታል እንላለን። ለልጄ ብቻ ነገርኳት፤ እሷንም አፍሽን ያዢ አልኳት። ለእትዬ እንኳ ደበቅኩ። እትዬ ከመጠለያ ካምፕ ስወጣ ግማሽ አልጋቸውን የሰጡኝ፣ ሥራ የፈለጉልኝ፣ ስታመም ያስታመሙኝ ሴት ናቸው። ሁለታችንም የምናድረው አሠሪዎቻችን ቤት ነው፤ ለእረፍታችን፣ ለሐሙስ ከሰዓትና ለእሁድ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አንዲት ጠባብ ክፍል ያለ ውል አብረን እንከራያለን። ስድሳውን ካለፉ ቆይተዋል። ዕድሜ ልካቸውን የሰው አሮጊት ሲያጥቡ ኖረው፣ የራሴ የሚሉት የበር ቁልፍ እንኳ የላቸውም።

ሐራጁ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። "ዶቶሬ ጋ ቀጠሮ አለኝ" አልኳቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን እያጣፉ "እኔም ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ" አሉኝ። ደግ አድርጌ ዋሸሁ ብዬ ወጣሁ።

ሐራጁን የሚመራው ፍርድ ቤቱ የወከለው አቮካቶ፣ ማለት ጠበቃ፣ ነው፤ ቢሮው ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው ትንፋሼን ቆርጦት በሩን ስገፋ፣ እትዬ ነጠላቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ጥግ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል! ክው አልኩ። እሳቸውም አዩኝ። ሁለታችንም ጣልያኖቹ ፊት ሰላምታ እንደማይገባ ነገር አንገታችንን ሰበርን። ጉድ እኮ ነው! አንድ አልጋ ላይ እየተኛን አንድ ቤት ስንመኝ ከርመናል።

ዋጋችንን ጽፈን ያስገባንበት ሦስት ፖስታ ተከፈተ፤ የእኔ፣ የእትዬና የአንድ ሽቶ የሚሸት ሲኞሬ። እሱ ቤት እየገዛ የሚሸጥ እንደሆነ ከአቮካቶው ጋር አሳሳቁ ያስታውቅ ነበር። ዋጋ ለመጨመር እሱ ቀደመ። አቮካቶው ሰዓቱን አየና ወደ እኛ ዞረ።

መጨመር እችል ነበር፤ ባንኩ እሺ ብሎኛል። ግን እንዴት ብዬ? ግማሽ አልጋቸውን በሰጡኝ ሴት ላይ እጄን ላውጣ? አለሁ ብዬ ፊታቸው ልጩህ? እጄን ጉያዬ ከተትኩ፤ እሳቸው ያንሱ ብዬ ጠበቅኩ። እትዬ ወለሉን ያያሉ። አንሱ እንጂ፣ አንሱ እንጂ እላለሁ በሆዴ። አቮካቶው "ኔሱኖ?" አለ። ማንም የለም ወይ ማለቱ ነው። እኔ ዝም፣ እሳቸውም ዝም። "ቫ ቤኔ"፣ ይሁን፣ አለና ለሲኞሬው ጻፈ። ሲኞሬው ተነስቶ ኮቱን ለበሰ።

ደረጃው ላይ እትዬ ክንዴን ጨብጠው አቆሙኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ለምን ዝም አልሽ?"

"እርስዎ እያሉ እንዴት ብዬ?"

"እኔማ ለልጅሽ ብዬ ነው! ስትገቢ ሳይሽ ወዲያው ገባኝ፣ የልጅሽ ነገር እንደሆነ። ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ!"

"እርስዎስ ነግረውኛል?"

ጭናቸውን መቱ። ያን ጊዜ ተናደድኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን በዚህ ይሉኝታ በሚባል በሽታችን። ጠላት ቢሆኑ ተሻምቼ እወስደው ነበር። አንዳችን አፋችንን ብንከፍት ቤቱ ለሦስታችንም ይበቃ ነበር። እትዬ ሳይሰናበቱኝ ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኔም ልደግፋቸው አልተከተልኩም።

ሌላ አስታ አይጠፋም። ወረቀቱ ግን ወራት ይፈጃል፤ እሱ ሳያልቅ ሰኔ ያልፋል። ይህንን እያሰላሰልኩ ተርሚኒ ጣቢያ አውቶቡስ ስጠብቅ ልጄ ደወለች። ቀኑን ስትቆጥር ነው የከረመችው።

"ማሚ፣ ተገኘ?"

አልተገኘም አልኳት። ተበለጥሽ እንዴ አለችኝ። ልዋሻት እችል ነበር፤ ደከመኝ። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ የእትዬን ውለታ፣ እጄን ጉያዬ መክተቴን፣ ማፈሬን። ታውቀኛለች፣ ትረዳኛለች ብዬ ነው። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "አለሽ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "እኔን አታፍሪኝም፣ ማሚ?"