አቶ ኸድር ያበሩት መዳብ

ሩዋይዳ ኸድር ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። ተማሪዎቿ ስሕተትን እንደማታልፍ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ግን እንደማትቆጣ ይመሰክራሉ። ወደዚህ ሥራ የመጣችበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን በከተማው ጥቂት ነው። እኔ የማውቀው በአሥራ አንደኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስላስተማርኋትና በኋላም ራሷ ስለነገረችኝ ነው። ያልነገረችኝን አልጨምርም።

አባቷ አቶ ኸድር ባለእጅ ነበሩ። ከገበያው ዳር ባለው ዳሳቸው ማረሻና ማጭድ ይሠሩ፣ የመዳብ ዕቃም ያድሱ ነበር። የቆላው ገበሬ የማሽላ አጨዳ ሲደርስ ማጭዱን ይዞ ይመጣባቸዋል፤ ሰላምታውን ግን ብዙ ጊዜ ከሩቅ ነበር የሚሰጣቸው። «ቀጥቃጭ» የሚለው ስም በአገራችን በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚጠራ አንባቢ ያውቃል። ሩዋይዳ አዲስ አበባ ሄዳ የብረታ ብረትን ፊዚክስ ማጥናት ስትጀምር አንድ የገበያ ሰው «ምን ብትማር ዞራ ብረት ውስጥ ገባች» ብሎ አላገጠ። አቶ ኸድር ቀልዱን እንደ ሙገሳ ተቀበሉት።

«አዎን» አሉት። «እኔ ከውጭ ነው የማውቀው። እሷ ከውስጥ ልታውቀው ነው።»

ጥናቷ ይህ ነበር። ፖዚትሮን በክብደቱ ከኤሌክትሮን ጋር እኩል፣ በኤሌክትሪክ ቻርጁ ግን ተቃራኒው የሆነ ቅንጣት ነው። ወደ አንድ ብረታ ብረት ሲገባ ፍጥነቱን ያጣል፣ ጥቂት ይንከራተታል፣ ከአንድ ኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝም ሁለቱ ይጠፋፋሉ። በምትካቸው ሁለት የጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ። ጨረሮቹ ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር አይሠሩም፤ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ያፈነግጣሉ። የማፈንገጣቸው መጠን የጠፋው ኤሌክትሮን እንዴት ይንቀሳቀስ እንደነበር ይናገራል። ስለዚህ የኤሌክትሮኖችን አኗኗር የሚያጠና ሰው የሚያነበው የሞታቸውን ምልክት ነው። ንባቡ ትክክል እንዲሆን ናሙናው ነጠላ ክሪስታል መሆን አለበት፤ ይኸውም አቶሞቹ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሥርዓት የተደረደሩ። ተራ መዳብ የብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎች ክምር ስለሆነ አቅጣጫው ተደበላልቆ ይነበባል።

በ2015 ዓ.ም. ሩዋይዳ አንድ እንዲህ ያለ መዳብ ነበራት፤ ስፋቱ ከአንድ ብር ሳንቲም አይበልጥም። አማካሪዋ ዶክተር ተመስገን ከዓመታት በፊት ከውጭ ያገኘውን ሰጣት። አቅጣጫውን ለመለየት፣ ውስጡን ሳትጎዳ ለመቁረጥ፣ ገጹን በአሲድ ለማጠብ፣ በዝግታ አሙቃ በዝግታ ለማቀዝቀዝ ስምንት ወር ፈጀባት። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ የመለኪያ መሣሪያውን ለሦስት ሳምንት ፈቀደላት። የዶክትሬት ጥናቷ የቆመው በዚያ ልኬት ላይ ነበር። ሌላ ተራ የሚገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ለትምህርቷ የተፈቀደው ጊዜ ግን ሊያልቅ የቀረው አሥር ወር ብቻ ነበር።

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት አባቷን ልትሰናበት ጣርማ በርን ወርዳ ሸዋ ሮቢት ገባች። ናሙናውን በተከራየችው ክፍል ትታው መምጣት ስላልደፈረች በጥጥ ጠቅልላ በትንሽ ሣጥን ይዛው ነበር። በሦስተኛው ቀን ማጀቴ ያለችው አክስቷ ባል ሞተና ለለቅሶ መሄድ ግድ ሆነባት። ሣጥኑን ለአባቷ ሰጠች።

«አባ፣ ይህን ያስቀምጡልኝ። ባሕር ማዶ ይዤው የምሄደው መዳብ ነው።»

«ከዓይኔ አይርቅም። አብሽሪ።»

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ይህን ማለፍ አልችልም። ስለዚያ መዳብ ለፈተና ኮሚቴ፣ ለቪዛ ሹም፣ በአውቶቡስ አጠገቧ ለተቀመጠ መንገደኛ ሳይቀር አስረድታለች። ዕድሜውን ሙሉ መዳብ ሲዳስስ ለኖረው ሰው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨመረችም። አይገባቸውም ብላ ነበር።

አቶ ኸድር በማግስቱ ሣጥኑን ከፈቱ። መዳቡ ደብዝዟል፤ ጠርዙም በአንድ ወገን ከፍ ብሏል። በእሳቸው ሙያ ያልተጨረሰ ሥራ ከዳስ አይወጣም። የልጃቸው ዕቃ በባዕድ ፊት እንዲህ ሆኖ መታየቱ ከወዲሁ አሳፈራቸው። ብረት በሚቀጠቅጡበት መስፍ ላይ ጨርቅ አነጠፉ፣ በትንሿ መዶሻ ጠርዙን መታ መታ አድርገው አስተካከሉ፣ ገጹንም መልክ እስኪያሳይ ድረስ በሎሚና በአመድ አሹት።

ስትመለስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ነይማ፣ ነይማ! ነጮቹ ዘንድ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ሊሄድ ነበር እኮ!»

ሣጥኑን ከፈተች። የገዛ ፊቷን በመዳቡ ላይ አየችው።

«መቱት እንዴ አባ?»

«አራት ጊዜ ቢሆን ነው። ወላሂ አምስት አይሞላም። ምነው፣ አልወደድሽውም?»

«ወድጄዋለሁ» አለች። «በጣም ያበራል።»

አዲስ አበባ ላይ ናሙናው በኤክስሬይ ሲታይ የአቶሞቹን ሥርዓት የሚያሳዩት፣ ጥርት ብለው መውጣት የነበረባቸው ነጠብጣቦች ተጎትተውና ተሰባብረው ወጡ። ዶክተር ተመስገን ምስሉን ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ማን ነው የነካው?»

«ከእጄ ወደቀ» አለች።

ከ«ወድጄዋለሁ» ቀጥሎ ሁለተኛው ውሸት ይህ ነው። ጉዞው ቀረ፤ ተራዋ ለሌላ ተሰጠ። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ያለ ማዕረጉ ወደ ሸዋ ሮቢት ተመልሳ በመምህርነት ተቀጠረች። ለአባቷም «መዳቡን ላክሁት፣ ለክተውታል፤ እኔ ግን ከእርስዎ መራቅ አልሆነልኝም» አለቻቸው። ይህ ሦስተኛው ነው።

አቶ ኸድር አመኗት። ማጭድ ለሚያስስለው ሁሉ «ባሕር ማዶ የተለካው መዳብ የበራው በዚህች መዶሻ ነው» እያሉ ያሳዩት ጀመር። ጎረቤታቸው ባለሱቋ እትዬ የሺ «እንግዲያው የእኔንም ሚዛን ያብሩልኝና ይላክ ጋሼ ኸድር፤ እሱም ውጭ አገር ይይ» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ሩዋይዳም በአጠገባቸው ስታልፍ አብራ ትስቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሳቀች።

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ የከሰሉ ጭስ ያደከመው ደረታቸው ጠናባቸውና ከዳሱ ቀሩ። ሥራ ፈትቶ መዋል የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ጠየቋት።

«ለመሆኑ እዚያ መዳብ ውስጥ ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«አቶም የሚባሉ ነገሮች አሉ አባ፤ በዓይን አይታዩም። በደህናው መዳብ ውስጥ ረድፋቸውን ጠብቀው ይቆማሉ።»

«እንደ ሽንኩርት መደብ?»

«ልክ እንደ ሽንኩርት መደብ። እኛ ፖዚትሮን የምትባል ቅንጣት እንሰድበታለን። ከረድፉ የጎደለ ቦታ ካገኘች እዚያ ትሸጎጣለች፤ ሳትጠፋ የምትቆይበት ጊዜም በጥቂቱ ይረዝማል። በዚያ ጉድለቱን እናውቃለን።»

«ደህና ሰላይ አግኝታችኋል። ረድፉንስ ምን ያጎድለዋል? እሳት?»

«እሳት በዝግታ ከቀዘቀዘ እንዲያውም ያስተካክለዋል።»

አቶ ኸድር ራሳቸውን ነቀነቁ። መዳብን አግሎ ማለስለስ የዘወትር ሥራቸው ነበር። ቀዝቃዛ መዳብ ሲቀጠቀጥ እንደሚጠነክርም ያውቃሉ፤ ለምን እንደሚጠነክር ግን በአርባ ዓመት ሥራ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

«መዶሻስ?»

ሩዋይዳ ትራሳቸውን ልታስተካክል ጎንበስ አለች።

«ሲመታ የሚጠነክረው ረድፉ ተናግቶ ነዋ!»

ይህን የተናገሩት በደስታ ነበር። ፊቷን ያዩት ከተናገሩ በኋላ ነው።

«እኔ የመታሁትስ?» አሉ። ቀጥለውም «መልሰሽ እሳት ብታስነኪውስ?»

«ይለሰልሳል አባ። ግን አንድ የነበረው ተከፋፍሎ፣ ብዙ ሆኖ ነው የሚነሣው። ወደ አንድ አይመለስም።»

«እንግዲያው አልተለካም።»

«አልተለካም።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሣጥኑን የከፈትሁ ዕለት።»

«እና ገበያ መሐል ስናገር እየሰማሽኝ ታልፊ ነበር።»

«እንዳያዝኑ ብዬ ነው አባ።»

«ባዝን ይሻለኝ ነበር። ባለእጅ ያበላሸው ሥራ ይነገረዋል። ጀማሪም ቢሆን ይነገረዋል።»

አልተቆጧትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «አንቱ» ይሏት ጀመር። ውሃ ሲሹ «ውሃ ያቀብሉኝ» ይላሉ፤ ከትምህርት ቤት ስትገባ «ደህና ዋሉ?» ይላሉ። ሊጠይቁ የመጡት እትዬ የሺ ትኩሳቱ ያናገራቸው መስሏቸው ደነገጡ።

«ምነው ጋሼ ኸድር፣ የወለዷትን ልጅ!»

«የተማሩ ሰው ናቸው» አሉ አቶ ኸድር።

በድምፃቸው ሽሙጥ አልነበረም። ሩዋይዳ ሽሙጥ ቢሆን በወደደች። እግራቸው ሥር ተንበርክካ «ይስደቡኝ አባ፣ ይርገሙኝ፣ ብቻ አንቺ ይበሉኝ» ብላ ለመነቻቸው። «አዑዙቢላህ፣ ለምን እረግምዎታለሁ?» ብለው እጇን ይዘው አስነሧት።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሕመሙ በረታ። በመጨረሻው ሳምንት ከጎናቸው ተቀምጣ ጥናቷን ከመነሻው ጀምራ ነገረቻቸው፤ ለኮሚቴው ያቀረበችውን ሁሉ፣ ለራሷም ያልጠራላትን ጭምር። ዓይናቸውን ከድነው ያዳምጡ ነበር። ሁለቱ ጨረሮች ለምን ፍጹም ቀጥ እንደማይሉ ስታስረዳ አንድ ጊዜ እጃቸውን አነሡ።

«ይህን ይድገሙልኝ» አሉ።

ደገመችላቸው። ይግባቸው አይግባቸው አልተናገሩም። ሐሙስ ረፋድ ላይ አረፉ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት በፊት ተቀበሩ።